ወንድሜን ከታፔላው ላይ ስለ ማውረድ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ምህረቱ፤ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ከብርዱ በቀር ደኅና ነኝ። ዛሬ የምጽፈው ለአንተ ሳይሆን ስለ አንተ ለአንድ ባለሥልጣን ነውና፣ ቁጣ ቁጣ ካለኝ እንደ ልማድህ ከጎኔ ሆነህ «ተው፣ ታላቅ ሰው ነው» በለኝ።

ለተከበሩ የጥሬ ምግብ ክልከላ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ጥሬ ነገር ላልነካው ጨጓራዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። እኔ አንተነህ እባላለሁ፤ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። እናታችን የምትኖረው አንኮበር ገጠር ስለሆነ፣ ጣርማ በር አጠገብ ባለችው ከተማችን በአንዲት ክፍል ከታላቅ ወንድሜ ጋር እኖር ነበር። እርሱ ሥጋ ቤት ውስጥ ቆራጭ ነበር። ምስጋናዬ እንዳይዘበራረቅብዎ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

፩. ጥሬ ሥጋ መብላትንና መሸጥን የሚከለክለውን መመሪያ በሁዳዴ መግቢያ ስላወጡልን እናመሰግናለን። ሥጋ ቤቱ እንደ ወትሮው ለጾሙ ተዘግቶ፣ ሕዝቡ ሽሮውን እየበላ ሳለ፣ ጽሕፈት ቤትዎ «በተደረገው ጥብቅ ቁጥጥር ጥሬ ሥጋ ሲበላ የተገኘ አንድም ሰው የለም» ብሎ ሪፖርት ማቅረቡን ሰምተን በራሳችን ኮርተናል። ውጤቱ እስከ ፋሲካ ዋዜማ ሳይበገር መዝለቁን እኔም እመሰክራለሁ።

፪. «ጥሬ ሥጋ ይገድላል» የሚለውን ትልቁን የብረት ታፔላ ሊተክሉ የመጡት ሠራተኞችዎ ሲሚንቶ አልያዙም ነበር። እግሩን በአፈር ደልደል አድርገው የዕለቱን ጾም ሊፈቱ ሲሄዱ፣ ሥራ ፈትቶ በተዘጋው ሥጋ ቤት በረንዳ ላይ የቆመውን ወንድሜን «ወንድም፣ አንዴ ያዝልን፣ መጣን» አሉት። እንጀራውን የሚዘጋበትን ታፔላ ደግፎ እንዲቆም ሲጠየቅ እምቢ ማለት ነውር ስለ መሰለው ደገፈ። የጣርማ በርን ነፋስ እርስዎም ከመኪናዎ ሳይወርዱ ያውቁታል። ብረቱ ወደቀበት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መጻፍ ስለማልችል ወደሚቀጥለው ቁጥር አልፋለሁ።

፫. የወንድሜ ሞት በሚቀጥለው ሪፖርትዎ «ከጥሬ ሥጋ ጋር የተያያዘ ሞት፣ አንድ» ተብሎ ቀርቧል። የማያያዝ ችሎታዎን አደንቃለሁ፤ በዚሁ ስሌት ከቢራ ታፔላ ሥር ጥላ ፍለጋ የሚተኛ በግ ሁሉ ሰካራም ተብሎ እንዲቆጠርልን እጠይቃለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ምህረቱ ጥሬ ሥጋ አይበላም ነበር። አንድ ጊዜ ኮሶ ይዞት ከተሠቃየ ወዲህ ድርሻውን ጠብሶ ነበር የሚበላው። የዘወትር ደንበኛው አቶ ገብረአብ «አንተ ልጅ፣ ዛሬም እሳት ልታሳየው ነው? ከብቱ እኮ አንዴ ሞቷል» ሲሉት፣ «እርስዎ ለጥሬው፣ እኔ ለጥብሱ፤ ምን አጣላን ጋሼ» ይላቸውና ባንድ ጠረጴዛ ይበሉ ነበር። ነፃነት የሚባለውን ነገር በሥነ ዜጋ መጽሐፍ ሳላነበው አስቀድሜ ያየሁት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ጥሬ ሥጋ በሽታ እንደሚያመጣ አልክድም። ከብቱ ከመታረዱ በፊት የሚመረምር ሐኪም ቢልኩልን መርቀን በተቀበልን ነበር፤ የላኩልን ግን ብረት ነው።

፬. ለሐዘን መግለጫ ነው ተብሎ ከእኔ የተወሰደውን ፎቶግራፍ፣ ታፔላው ዳግም ሲተከል ከጽሑፉ ሥር ለጥፈውታል። «ከእርሱ ተማሩ» ይላል። ለለቅሶው መጥታ የቆየችውን እናታችንን ከአርባው በኋላ ስሸኝ፣ የሚኒባሱ ረዳት ቀና ብሎ አየውና «ይኼ ደግሞ ስንት ኪሎ ቢውጥ ነው?» አለ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እናቴ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፎቶግራፉን ያውርዱልኝ። መመሪያውም፣ ታፔላውም፣ ሪፖርቱም ለእርስዎ ይሁን፤ ፊቱ ግን የእኛ ነው።

ለሕዝብ ጤና ሲሉ ከሕዝብ ርቀው ለሚደክሙት ለእርስዎ ዘወትር የበሰለ ማዕድ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ የሟች ቁጥር አንድ ታናሽ ወንድም፣

አንተነህ

ከፊርማ በኋላ የታወሰኝ፦ ታፔላው ዳግም የተተከለውም ያለ ሲሚንቶ ነው። እናቴ በሄደች ማግስት፣ ብቻዬን በነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት፣ ፎቶግራፉን ልቀድደው መሰላል ተውሼ ሄጄ ነበር። ነፋሱ ብረቱን ስለሚያወዛውዘው መሰላሉን የማስደግፍበት አጣሁ። ትንንሽ ተማሪዎች ደግሞ ብርዱን ሸሽተው በሥሩ ተጠግተው ያልፋሉ። መሰላሉን አስቀምጬ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ እየለቀምኩ እግሩ ሥር ጠቀጠቅሁበት። ልጆቹ አልፈው ሲያልቁ እጄን በሣር ጠርጌ፣ ፎቶግራፉን ሳልነካው፣ አርፍጄ ክፍል ገባሁ።