የሊዲያን ዓይን ያተረፍሽው አንቺ ነሽ

ካዛንቺስ፣ ግንቦት 2007 ዓ.ም.

ውድ ሀምዲያ፣

ስልክሽን ስለቀየርሽ ይህን ደብዳቤ ለወንድምሽ ለኢብሮ ሰጥቼዋለሁ። እባክሽ ሳትቀድጂው እስከ መጨረሻው አንብቢው።

እዚህ አንድ ግቢ ስንኖር ልጄ ሊዲያ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከሻይና ከዳቦ በቀር አልቀምስም ትላለች፤ እኔም ከሥራ ደክሜ ስገባ ያለችውን ሰጥቼ እገላገላለሁ። በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በርጩማው እያደናቀፋት ትወድቅ ጀመር። "ቀልብሽ የት ነው?" እያልኩ እቆጣታለሁ። አንድ ቀንማ ብርጭቆ ሰበረች ብዬ በጥፊ መታኋት። ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

ያስተዋልሽው አንቺ ነሽ። ቂርቆስ አትክልት ሸጠሽ አመሻሽ ላይ ስትመለሺ፣ ግድግዳ እየዳበሰች ስትሄድ አየሻት።

"ጀማነሽ፣ ይቺ ልጅ እኮ ሲመሽ አታይም። ዳፍንት ነው፤ ሐኪም ጋ ውሰጃት" አልሽኝ።

እኔ ግን ግቢው ሁሉ እየሰማ "በዓይንሽ የበላሽብኝ አንቺ ነሽ!" አልኩሽ። አንቺ ግን በፌስታል የያዝሽውን ካሮት ደጄ ላይ አስቀምጠሽ ገባሽ። በወሩ ኮንዶሚኒየም ደርሷችሁ ጀሞ ስትገቡ እንኳን ወጥቼ አልሸኘሁሽም።

የነገርሽኝ ግን ከልቤ አልወጣ ብሎ በተጣላን ማግስት ጤና ጣቢያ ወስጃት ነበር። "የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ብትዘገዪ ዓይኗ ሊጠፋ ይችል ነበር" አለችኝ ነርሷ። መድኃኒቱን ሰጥታ፣ "ካሮት፣ ጎመን፣ እንቁላል አታሳጫት። ካሮቱን በትንሽ ዘይት አብስይው፤ ያኔ ሰውነቷ በደንብ ይቀበለዋል" ብላ መከረችኝ።

በሳምንቱ ጀምበር ከጠለቀች በኋላ ሊዲያ በሩ ላይ ቆማ "እማዬ፣ ያቻትና ድመቷ! ጣሪያው ላይ!" አለችኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ አንቺ ፊት መቅረብ ግን አፈርኩ።

ካሮቱን መጀመሪያ እንጀራ ሥር ትደብቀው ነበር፤ አሁን ጥሬውን እንደ ሸንኮራ ትገምጠዋለች። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ዓይን ሲመረመሩ የመጨረሻዋን መስመር ሳይቀር አነበበች። ሀምዲያ፣ እፎይ አልኩ! ከላዬ ላይ ተራራ የተነሳልኝ ያህል ነው የቀለለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ "ዳፍንት መሆኑን ማን ነው ያወቀው?" ብላ ጠየቀችኝ። ሁልጊዜ "ነርሷ" ነበር የምላት። የዚያን ቀን እውነቱን ነገርኳት።

"ታዲያ አመሰገንሻት?" አለችኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

ቅዳሜ ይዣት ጀሞ እመጣለሁ። ብትቆጪኝ መብትሽ ነው፤ ብቻ በሩን ክፈቺልን።

የበደለችሽ እህትሽ፣
ጀማነሽ