ጋሽ ሚዛኑ እና የሰባት መቶ ግራሙ ቃታ

ጋሽ ሚዛኑ ከጠመንጃ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በኅዳር ወር 1941 ዓ.ም. ከገበያው ጀርባ ባለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ፊተኛው ክፍል ወርክሾፕ፣ ኋለኛው መኖሪያ ነበርና የእናታቸውን ድምፅና የሞረድ ድምፅ በአንድ ቀን ነው የለዩት ይባላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ብቸኛ ልጅ ሆነው በምቾት ኖሩ። በ1944 ዓ.ም. ታናሽ ወንድማቸው ሲወለዱ ሕፃኑን አሳይተዋቸው፣ "ወንድም መጣልህ፤ ደስ አለህ?" ቢሏቸው፣ "መቼ ነው የሚሄደው?" ብለው ጠየቁ። እናታቸው ይህን እስኪሞቱ ድረስ እንደ ቀልድ ሲያወሩት፣ ጋሽ ሚዛኑ አንድም ቀን ሲስቁበት አልታዩም።

ትምህርታቸውን እስከ ስምንተኛ ክፍል ተከታትለው፣ በሒሳብ ከክፍላቸው አንደኛ ሆነው፣ በ1956 ዓ.ም. በአባታቸው ወርክሾፕ ሥራ ጀመሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ታናሽ ወንድማቸውም ተከተሏቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው እንደሚባለው፣ ሁለቱ በምንም አይመሳሰሉም ነበር። ጋሽ ሚዛኑ የቁጥር ሰው፣ ቁጥብ፣ ሰዓት አክባሪ፤ ታናሽየው ደግሞ እያፏጩ የሚሠሩ፣ ገበያተኛውን ሁሉ በቅጽል ስም የሚጠሩ፣ ሲስቁ ሌላውን የሚያስቁ። ለእሳቸውም ገበያተኛው በተራው "እጀ ሐር" የሚል ስም አወጣላቸው።

የአባታቸው ቤት የራሱ ሕግ ነበረው። ለአደን የሚወጣ ጠመንጃ ቃታው ተስቦ እስኪለቅ ድረስ ቢያንስ አንድ ኪሎ ተኩል ኃይል መጠየቅ አለበት። አዳኝ ይሮጣል፣ ይንሸራተታል፣ አጥር ይሻገራል፣ ጣቱ በብርድ ይደነዝዛል፤ ቃታው ከዚያ ከቀለለ ሳያስበው ይተኩሳል። ከሁለት ኪሎ ተኩል ካለፈ ደግሞ ጣት ሲታገል አፈሙዙ ይወዛወዛል፣ ጥይቱም ከታለመለት ይርቃል። "ቀላል ቃታ እንደ ቀላል ምላስ ነው፤ ባለቤቱ ሳያስብ ይናገራል" ይሉ ነበር አባታቸው። ክብደቱ በሚዛን ከተለካ በኋላ ባዶው ጠመንጃ ተወጥሮ ሰደፉ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ጎማ ላይ ይመታል፤ በዚህ ጊዜ "ቀጭ" ካለ፣ ማለትም ቃታው በራሱ ከለቀቀ፣ ተመልሶ ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ይታሰራል። ፈተናውን ያለፈ ጠመንጃ ላይ ክብደቱ የተጻፈባትና የሠራው ሰው የፈረመባት ቁራጭ ወረቀት በክር ትንጠለጠላለች። በአባታቸው ዘመን ያለ ፊርማ ከቤቱ የወጣ ጠመንጃ አልነበረም።

በ1966 ዓ.ም. ጋሽ ሚዛኑ ከጎረቤት ሱቅ ልብስ ሰፊ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር በሕግ ጋብቻ ተጋብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በ1974 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ፈቃዱ በጋሽ ሚዛኑ ስም ዞሮ ወንድማማቾቹ በአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ መሥራት ቀጠሉ።

የጋሽ ሚዛኑ አንጀት ማረር የጀመረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። አባታቸው የእሳቸውን ሥራ አይተው "ደህና ነው" ይሉና፣ የታናሽየውን ሲያዩ ዝም ብለው ጀርባቸውን መታ መታ ያደርጓቸው ነበር። ያች መታ መታ ጋሽ ሚዛኑን የነካችበትን ያህል ምንም ነገር ነክቷቸው አያውቅም። አባታቸው ከሞቱ በኋላ ደግሞ ደንበኛው የአባትን ቦታ ያዘ። አዳኝ መጥቶ በበሩ ብቅ ይልና፣ "እጀ ሐር የለም እንዴ?" ይላል። ጋሽ ሚዛኑ፣ "እኔ አለሁ" ሲሉ፣ "አይ፣ ግዴለም፣ ነገ እመለሳለሁ።" ይህን ነገ እመለሳለሁ በቀን ሦስት ጊዜ የሰሙበት ጊዜ አለ። ባለቤታቸው በእጀ ሐር ቀልድ ሲስቁ እንኳ ጋሽ ሚዛኑ ሳቁን ይቆጥሩት ነበር፤ ለእሳቸው ስንት፣ ለወንድማቸው ስንት።

እጀ ሐር የሠሩት ቃታ ጣት ሲያርፍበት እንደ ቅቤ ነበር ይባላል። ጋሽ ሚዛኑ ምስጢሩን ለራሳቸው እንዲህ ተረጎሙት፦ ወንድሜ የአባቴን ሕግ እየጣሰ ክብደቱን ይቀንሳል። የቃታ መለኪያው ሚዛን ከራሳቸው በላይ ግድግዳው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አውርደው የወንድማቸውን ሥራ አልለኩም። ቅናት ለካ ዓይን ብቻ ሳይሆን እጅም ያስራል።

በ1979 ዓ.ም. በብርዱ ወራት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የአደን ጠመንጃቸውን አምጥተው፣ "ለእጀ ሐር ስጡልኝ፤ እንደ ራሱ አድርጎ ያለስልስልኝ" ብለው አስቀመጡ። እጀ ሐር በዚያ ሳምንት ባለቤታቸው ወልደው ቤት ነበሩ። ጋሽ ሚዛኑ ጠመንጃውን አስቀምጠው መጠበቅ ይችሉ ነበር። ግን፣ "እሱ የሚያደርገውን እኔ ያቅተኛል?" ብለው ሞርሳ ላይ አሰሩት። ሞላውን አላሉ፣ ሞረዱ፣ ለኩት፤ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ሆነ። አሁንም እንደ ወንድማቸው አልለሰለሰም። ደግመው ሞረዱ። አንድ ኪሎ። አሁንም ሻካራ ነው። ሰባት መቶ ግራም ሲደርስ፣ በሞቀው ክፍል፣ በባዶ ጣታቸው ሲሞክሩት፣ "ይኸው!" አሉ። ሰደፉን ግን ጎማው ላይ አልመቱም፤ ቢመቱት ምን እንደሚል ያውቁ ነበር። ወረቀቷ ላይ "አንድ ኪሎ ተኩል" ብለው ጻፉ፣ የፊርማውን ቦታ ባዶ ተዉት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሲመጡ፣ "ተሠርቷል፣ ውሰድ" ብቻ ነው ያሏቸው። ሰውየው እዚያው ሞክረው፣ "አይ እጀ ሐር! እጁ ይባረክ!" ብለው ሄዱ። ይህን ምርቃት ጋሽ ሚዛኑ ለራሳቸው ወሰዱት፤ በሕይወታቸው ከተደሰቱባቸው ቀናት አንዱ ነበር ብለዋል።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ከአማታቸው ልጅ ከአናጢው ጋር አደን ወጥተው፣ በጓንት እጃቸው ጠመንጃውን ከትከሻቸው ሲያወርዱ ቃታው ለቀቀ። ጥይቱ የአናጢውን ባት በስቶ አለፈ። ሕይወታቸው ተረፈ፣ እግራቸው ግን እስከ ዛሬ ያነክሳል።

የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ወርክሾፑ በር ላይ ቆመው፣ ገበያው ተሰብስቦ፣ በእጀ ሐር ላይ ጮኹ። "አንተ ሰው በጥይት አስመቺ! ለዚህ ነው እንዴ ለስላሳ የሚሉህ?" እጀ ሐር ከአራስ ቤት ከተመለሱ ሁለተኛ ቀናቸው ነበር፤ ጠመንጃውን በዓይናቸውም አላዩትም ነበር። ወረቀቷን ተቀብለው የወንድማቸውን የእጅ ጽሕፈት አዩ። ከዚያ ጋሽ ሚዛኑን አዩና ጠበቁ። "እኔ አልሠራሁትም" ቢሉ፣ "ታዲያ ማን?" የሚለው ይከተላል፤ ፈቃዱ በታላቃቸው ስም ነው፣ ሦስት ልጆችም አሏቸው። ስለዚህ ታላቃቸው ራሳቸው እስኪናገሩ ጠበቁ። ጋሽ ሚዛኑ አንገታቸውን ደፍተው ይሞርዱ ነበር። ሞርሳው ውስጥ ምንም አልነበረም።

እጀ ሐር በዚያው ሳምንት ዕቃቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሰባት ዓመት በገበያው ማዶ የልብስ ስፌት መኪና ሲጠግኑ ኖሩ። "ሰው አስመቺው" የሚለው ስም ግን መንገድ ተሻግሮ አብሯቸው ሄደ።

ጋሽ ሚዛኑ ብቻቸውን ሲቀሩ፣ ወንድማቸው ከመሄዳቸው በፊት የጨረሱትና ባለቤቱ ያልወሰደው አንድ ጠመንጃ መደርደሪያው ላይ አገኙ። ሚዛኑን ከግድግዳው አወረዱ። አምስት ጊዜ ለኩት። አምስቱንም ጊዜ አንድ ኪሎ ተኩል ነበር። ፈትተው ሲያዩት ወንድማቸው ከክብደቱ ምንም አልቀነሱም፤ የሚነካኩትን ብረቶች ብቻ በጥሩ ድንጋይ ፊት ማያ እስኪመስሉ ወልውለዋቸዋል። ምቾቱ የመጣው ከመቅለሉ ሳይሆን ሳይንቀራፈፍና ሳይሻክር በአንድ ጊዜ ቁርጥ ብሎ ከመልቀቁ ነበር። ጋሽ ሚዛኑ ያን ቀን ወርክሾፑን ዘግተው ለሁለት ቀን አልከፈቱም።

ከዚያ በኋላ ሚዛን ከእጃቸው ተለይቶ አያውቅም፤ "ሚዛኑ" የተባሉትም በዚህ ነው። አዳኝ ሲመጣ ጓንቱን አስለብሰው ነበር የሚያስሞክሩት። "የምትሄደው ብርድ አገር ነው? እጅህ ይንቀጠቀጣል? ስታይ ትቸኩላለህ?" እያሉ እንደ ሐኪም ይጠይቃሉ። ለብርቱም ለደካማም ቢሆን ከአንድ ኪሎ ተኩል አይወርዱም፤ ጓንት ለሚያጠልቅና ለሚቸኩል ወደ ሁለት ኪሎ ያስጠጋሉ። አቅልልኝ የሚል ወጣት ቢለምናቸው፣ "ልጄ፣ ማለስለስ እችላለሁ፣ ማቅለል አልችልም" ይሉ ነበር። ሰደፉን ጎማው ላይ ሳይመቱና ሳይፈርሙ የሰጡት አንድም ጠመንጃ የለም። በእጃቸው ካለፈው ጠመንጃ ከዚያ ወዲህ ሰው የጎዳ የለም። ይህ ሁሉ ሙገሳ ሲመጣላቸው ግን በመስኮቱ አሻግረው ወንድማቸው እያፏጩ የስፌት መኪና ዘይት ሲቀቡ ያዩና፣ "ሁሉን ወስጄበት እንኳ ፉጨቱን አልተወም" ይላሉ። በዚያም ቀኑ።

በ2014 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ጀመራቸው። ሐኪሞች የሚችሉትን አደረጉ፤ ባለቤታቸውና ልጆቻቸውም ሌት ተቀን አስታመሟቸው። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ወንድማቸውን አስጠሩ። እጀ ሐር መጡ። በሩ ተዘጋ፤ በክፍሉ ውስጥ ባለቤታቸውና ይህን የጻፈው የታናሽ እህታቸው ልጅ ብቻ ነበሩ።

"የወፍጮ ቤቱን ጠመንጃ ያቀለልኩት እኔ ነኝ" አሉ ጋሽ ሚዛኑ።

"እሱንማ አውቃለሁ፣ ወንድም ጋሼ። ለማያውቀው ንገር።"

"ይቅር በለኝ ነው የምልህ።"

"በአደባባይ ሰው አስመቺ ስባል ኖሬ፣ አንተ በር ዘግተህ በጆሮዬ ይቅርታ ትለኛለህ? ስሜ የጠፋው ገበያ ላይ ነው። እዚህ አልጋህ ሥር ወድቆ አይደለም።"

"ገበያ የምሄድበት እግር የታለኝ?"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ" ብለው እጀ ሐር ተነሥተው ወጡ። ጋሽ ሚዛኑ የወንድማቸውን ኮቴ ከፎቁ ደረጃ እስኪወርድ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ "አሥራ ስምንት ደረጃ፣ አንዴም ሳያርፍ!" አሉ። ባለቤታቸው፣ "አንተ ሰውዬ፣ አሁንም ትቀናለህ?" ቢሏቸው፣ "እስክሞት" አሉ። ቀጥለውም፣ "እኔ ገበያ መሄድ ባልችል፣ ገበያው እኔ ዘንድ የሚመጣበት ቀን አለ። ያን ቀን አንብቡልኝ" ብለው ይህን ጽሑፍ አዘዙ።

ሲጻፍ ሦስት ጊዜ ተነብቦላቸዋል። በመጀመሪያው ላይ "ተሳስተው አቀለሉት" ተብሎ ተጽፎ ነበር። "ምኑ ነው ስሕተቱ? ሰርዝ። ቀንተው በል" አሉ። አናጢውንም ቀድመው አስጠርተው በአንደበታቸው ነገሯቸው። አናጢው፣ "ታዲያ ያን ሰው ሠላሳ ሰባት ዓመት ሰላምታ የነፈግኩት በከንቱ ነው?" ብለው በከዘራቸው ተደግፈው ወጡ፤ በቀጥታም ወደ ገበያው ማዶ ሲሄዱ ታዩ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ቀድመው በማረፋቸው አልሰሙም፤ ልጆቻቸው ዛሬ እዚህ ስላሉ በእሳቸው ፈንታ ይስሙ።

ጋሽ ሚዛኑ የካቲት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ከማለዳው በአንድ ሰዓት በተወለዱ በ75 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው አረፉ። እጀ ሐር ከዚያ እሑድ ወዲህ አልመጡም ነበር። የጋሽ ሚዛኑ የመጨረሻ ቃል፣ "ሽማግሌ እንዳትልኩበት፤ ይቅር በል ብላችሁም እንዳታስጨንቁት። የሱ ድርሻ አይደለም፣ የኔ ነው" የሚል ነበር። ቤተሰቡ ይህን ቃል ያከብራል፤ የመጣችሁም ሁሉ እንድታከብሩ በትሕትና ይለምናል።

ሟች ትተዋቸው ያለፉት፣ እሳቸው ራሳቸው ባዘዙት ቅደም ተከተል፦ ታናሽ ወንድማቸው፣ የአባታቸው ሙያ እውነተኛ ወራሽ፣ በእጃቸው ሰው ያልተጎዳባቸው የጠመንጃ ባለሙያ፤ የሃምሳ ዓመት የትዳር አጋራቸው፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጆቻቸው፤ አምስት የልጅ ልጆቻቸው፤ እንዲሁም እህታቸው ናቸው።

የሰውን ልብ የሚመዝን አምላክ በምሕረቱ ይመዝናቸው፤ የደበቁትን ሳይሆን የገለጡትን ይቁጠርላቸው። ለቤተሰቡ መጽናናትን፣ ለታናሽ ወንድማቸውም ስማቸው በጠፋበት ገበያ መካከል ቀና ብለው የሚሄዱበት ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። አሜን።