አባባ ከመታሰቢያው ከተመለሰ ወዲህ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። የሚያፈሰው ጣሪያ ተጠግኗል።

በአውሮፕላኑ አደጋ ያለቁት የአሥራ ዘጠኙ ወታደሮች መታሰቢያ ባለፈው እሁድ በጦር ሰፈሩ ተደረገ። አባባ የሥራ ልብሱን ተኩሶ ለብሶ ሄደ። ሞተሩን ፈትሾ የፈረመው እሱ መሆኑን ታውቃለህ። መርማሪዎቹ "ምክንያቱ የአየሩ ሁኔታ ነው" ብለው ጽፈዋል፤ እሱ ግን አንብቦ ወረቀቱን መለሰላቸው።

ስማቸው ሲጠራ ከኋላ ቆሞ በከንፈሩ አብሮ ይጠራ ነበር፤ ሁሉንም በቃሉ ይዟቸዋል። የአንዱ እናት መጥተው እጁን ያዙት።

"ልጄ 'ሽማግሌው ያዩት ሞተር ከሆነ እንቅልፌን እለጥጣለሁ' ይል ነበር" አሉት። ሊያጽናኑት ብለው ነው። አባባ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ።

ከዚያ ወዲህ እህል ባፉ አይዞርም። መፍቻዎቹን ለሥራ ጓደኞቹ አከፋፈለ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ የቤቱን ካርታ አውጥቶ "የት እንደማስቀምጠው እዪ" አለኝ።

"ምን አስቸኮለህ?" ብለው፣ "ሰው ነኝ እኮ" ብሎ ሳቀ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ቤት እውላለሁ፤ ጉንፋን ነው ብዬዋለሁ። ከአጠገቡ ስለማልርቅ በስልክ ይህን ላወራህ አልቻልኩም።

ትናንት አፌን አዳልጦኝ "ወንድም ጋሼ ሊመጣ ነው" አልኩት። ቀና ብሎ "መቼ?" አለኝ። ከእሁድ ወዲህ የጠየቀኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው። ቀኑን አንተው ደውለህ ንገረው።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፤ በር በሩን የምታይ እህትህ።