የኒኬሉ ግምትና የጉደታ ወፍጮ

አዳማ፣ ጥቅምት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፤ ዕድሜዬ ሰማንያ አንድ ዓመት ከአራት ወር።

ልጄ ሰገነት፣ መውጣት መግባትሽን አምላክ ይጠብቅልኝ። እኛ ደኅና ነን፤ እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፣ ሶደሬ ፍልውኃ ሄደሽ ታጠቢ ብላትም አሻፈረኝ ብላለች።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ጉደታ የአንድ ኒኬል ፈላጊ ኩባንያ ወረቀት ይዞ መጣ። የአክሲዮኑን ዋጋ የገመትሽው አንቺ ነሽ፤ ስምሽ ከነማዕርግሽ ታትሞበታል። አነበብኩትና ተጸየፍኩት። ጥቂት ጉድጓድ ተቆፍሮ አለ የተባለውን ኒኬል በዓለም ገበያ ዋጋ አባዝተሽ፣ የኩባንያው ሀብት ይህ ነው ብለሻል። የማውጫው፣ የማጣሪያውና የመንገዱ ወጪ፣ የሚፈጀውም ዘመን የት ተቀነሰ? ከመሬት በታች ያለን ድንጋይ መኪና ላይ እንደተጫነ ሸቀጥ መቁጠርን እኔ አላስተማርኩሽም።

ጉደታ አክሲዮኑን ለመግዛት ወፍጮ ቤቱን ሊሸጥ ነው። ተው ስለው፣ «ጋሼ፣ የሰገነት ስም አለበት እኮ። ወይስ የወፍጮዬ ጩኸት ሊናፍቅዎት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። በቆሎ ሲገዛ እጁን እስከ ጆንያው ሥር የሚሰድ ሰው፣ ስምሽን ካየ በኋላ ሌላውን አላነበበም። ኩባንያው የሚሸጠው ይህን እምነቱን ነው፤ የሚያንገሸግሸኝም እሱ ነው።

የወፍጮው ገዢ ለታኅሣሥ ገብርኤል ቀጠሮ ይዟል። እኔን የሽማግሌ ፍርሃት ነው ብሎ አይሰማኝም። እባክሽ ልጄ፣ ከዚያ በፊት ራስሽ ደውዪለትና ግምቱ ስህተት መሆኑን በአንደበትሽ ንገሪው።

አምላክ የጎረቤት እንባ የሌለበት እንጀራ ይስጥሽ። ይህን አሽጌ ዛሬውኑ በፖስታ እልከዋለሁ።

አባትሽ