ሠላሳ ቀን የሆነች ጳጉሜ

መስከረም 8፣ ጠዋት 2፡30
ዓለም ባንክ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ። ለ18 ማዞሪያው ክሊኒክ የሠራሁት የሠራተኛ መቅረት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የዓመቱን ሪፖርት አወጣ። የቢሮ ባልደረባዬ ሄኖክ ከጎኔ ቆሞ ያችኑ ነገሩን ጀመረ። ያንቺ የፕሮግራም ቋንቋ ቁጥር ሲጎድለው ዝም ብሎ ይሞላል፣ የእኔ ግን አልገጠመም ብሎ ይቆማል አለኝ። ይቁምለታ! እሱ በሳምንት የሚጨርሰውን እኔ በግማሽ ቀን። ደብተሬ፣ እስቲ ፍረጂን።

መስከረም 10፣ ምሳ ሰዓት
ሲስተር ፅጌ ደወሉ፣ የክሊኒኩ ነርስ። ልጄን የከተቡልኝ እሳቸው ናቸው። 13 ቀን ቀርተዋል ተብለው የስንብት ደብዳቤ እየተጻፈባቸው ነው። ከአሥር ቀን ካለፈ ስንብት ነው፣ ደንባቸው። የቀረሁት ሦስት ቀን ነው አሉ፤ አንዱን ለቅሶ፣ ሁለቱን በጳጉሜ እናታቸውን ጠበል ሊያስጠምቁ። ልጄ፣ ማሽኑ ይሳሳታል እንዴ? አሉኝ። አይሳሳትም አልኳቸው። ወዲያው፣ ሳላስብ።

በዚያው ቀን፣ 11 ሰዓት
አገኘሁት። ሰንጠረዡን 13 ወር በ30 ቀን አድርጌዋለሁ፣ ሁሉም እኩል፣ እንዲቀለኝ። ጳጉሜ አምስት ቀን ብቻ ይዛ መጣች። ቋንቋው ጭጭ። አምስቱን ቀን ስድስት ጊዜ ደጋግሞ ሠላሳውን ሞላው። የሲስተር ሁለት ቀን አሥራ ሁለት ሆነ። ሌሎቹ በጳጉሜ አልቀሩም፣ ዜሮ ቢደገም ዜሮ ነው። ሪፖርቱ የሚያሳየው ድምር ብቻ፣ ማን ይየው? ጳጉሜ ስንት ቀን እንደሆነች የረሳሁ ሐበሻ! አፈርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

መስከረም 11፣ 4 ሰዓት
ለክሊኒኩ አስተዳዳሪ ለአቶ ደሳለኝ ነገርኳቸው። ደብዳቤውን ቀደዱት። ግን ስህተቱን ለማንም አታውሪ አሉኝ፤ ይቅርታ ተደረገላቸው እንላለን፣ አንቺም የክሊኒኩን የሌሎቹን ሁለት ቅርንጫፎች ሥራ ታገኛለሽ። እሺ አልኩ። እሺ ማለት ቀላል ነው።

9 ሰዓት
ሲስተር እንደገና ደወሉ። እግዜር ይስጥሽ፣ አንቺ ነሽ አሉ ያስማርሽኝ። እኔም አርጅቻለሁ፣ ቆጠራው ተምታቶብኝ ይሆናል አሉ። ስልኩን ዘግቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

11 ሰዓት
ፕሮግራሙን ቀየርኩት። አሁን ቀኑ ካልገጠመ ይቆማል። ሥራው ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ ሄኖክ እንዳይሰማ። ነገ ጠዋት የክሊኒኩ ሠራተኛ ሁሉ ስብሰባ አለው። እገባለሁ። ሲስተር ፅጌ የቀሩት ሦስት ቀን ነው፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ይቅርታ የሚያስፈልገው ጥፋት የለባቸውም እላለሁ። ሁሉም እየሰማ። የቅርንጫፎቹ ሥራ ይቅር።