ቆጣሪው ምን አጠፋ?

ውድ ዓለሜ፣

ካረፍሽ ሦስት ዓመት ሆነሽ። ዛሬ ያ የምታውቂው የልብ ሐኪም በር ላይ፣ ያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተራ እየጠበቅሁ ነው። የደም ምርመራ ውጤቴ በፖስታ ታሽጎ ጉልበቴ ላይ አለ። ልጃችን አጠገቤ ተቀምጣ፣ "አባዬ፣ ክፈተውና እንየው" ትላለች። እኔ እጄን ጭኜበታለሁ። እግሬ ማበጡን እንኳ ያወቀችው ጫማዬ እምቢ ሲለኝ አይታ ነው።

ሳልነግርሽ የቀረ ነገር አለ። ያንቺን ውጤት ስቀበል ዩሪክ አሲድ ከሚለው ጎን፣ ከልክ በላይ ነው የሚል ምልክት ኮከብ ነበረበት። የላቦራቶሪው ሰው፣ "አባቴ፣ ሪህም ሊሆን ይችላል፤ ግን ልባቸው ደካማ ስለሆነ ቶሎ ለሐኪም ያሳዩት" አለኝ። እኔ ሪህ የምትለዋን ይዤ ቤቴ ገባሁ። ሪህ ማንን ገደለ ብዬ! ስጋ ከለከልኩሽ። "አንተ ሰውዬ፣ የሀብታም በሽታ ያዘሽ ስትለኝ አታፍርም?" ብለሽ ስትስቂ ትንፋሽ አጠረሽ። ሳቁ ነው አልኩ።

በወሩ ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ሲል እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። እግርሽ ግን ያብጥ ነበር። በመጨረሻ ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ "ልብ ሲደክም ይሄ ዩሪክ አሲድ ከፍ ይላል፤ በጣም ከፍ ሲል ሕመሙ እየከፋ መሆኑን ከሚጠቁሙን አንዱ ነው። እሱን ማውረድ ብቻውን ልብ አይጠግንም" አለኝ። የቀረሽ ጊዜ አጭር መሆኑንም አልደበቀኝም።

ሠላሳ ዓመት የውሃ ቆጣሪ ያነበብኩ ሰው ነኝ። ሰው ሁሉ ሂሳብ በዛብኝ ብሎ ቆጣሪውን ሲረግም፣ "ቆጣሪው ምን አጠፋ? ከግድግዳው ጀርባ የሚፈስ ቧንቧ ፈልጉ" እል ነበር። በገዛ ቤቴ ግን ከቆጣሪው ጋር ስታገል ከረምኩ።

ስወጣ፣ "ምን አለህ?" አልሽኝ።

"ሪህ ነው" አልኩሽ።

"እንግዲያው እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ።"

"ሲሻልሽ ትሄጃለሽ።"

ዐሥራ ዘጠኝ ቀን ነበር የቀረሽ። እህትሽ እስከ ዛሬ፣ "ለምን ሳትሰናበተኝ ሄደች?" እያለች ባንቺ ታዝናለች። እኔም ከንፈሬን መጥጬ፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ ሳልላት እመለሳለሁ። ጸሎት ላይ ስቆምም ይህችን ኃጢአት እዘልላታለሁ።

አሁን ነርሷ ከእኔ በፊት ያሉትን ጠራች። ፖስታውን ለልጃችን ሰጠኋት። ቀደደችው፤ አነበበችው፤ መልሳ አጠፈችው።

"ኮከብ አለበት?"

"አለበት፣ አባዬ።"

"ለሐኪሙ አንቺው አሳዪው፤ የሚለውንም አብረሽኝ ስሚ። አሁን ግን አክስትሽ ጋ ደውዪ። ቅዳሜ እመጣለሁ፣ የምነግራት አለኝ በያት።"

እየደወለች ነው። እኔም ተጠራሁ። ዓለሜ፣ ቂሟን ካንቺ ላይ አንስቼ ራሴ ልሸከመው ነው። እስከ ቅዳሜ እንዲያደርሰኝ አንቺም ለምኝልኝ።

ጫማው አልገባ ያለው ባልሽ