ግማሽ ፊታቸውን ለጥላ የሰጡት የወይዘሮ አመተሥላሴ ይሥሐቅ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ አመተሥላሴ ከአባታቸው ከአቶ ይሥሐቅ ሸዋንግዛውና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበዛሽ ተክለወልድ፣ ከጓሳ ሥር ባለች መንደር በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የአገሩን ብርድ ቻሉት፤ የሰውን ከንቱነት ግን ዕድሜ ልካቸውን አልቻሉትም።

መሐል ሜዳ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው በ1965 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አክስታቸው ዘንድ ሄዱ። እዚያም አንድ ፎቶ ቤት ፊልም ከማጠብ ጀምረው ማንሳቱን ለመዱ። በ1969 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው ሞላሌ ከተማ ባለ አንድ መስኮት ፎቶ ቤት ከፈቱ። በዓመቱ በርኖስ ሠሪውን አቶ ወንድምአገኝን አግብተው ፍሬውን፣ ጌታነሽንና አንዷለምን ወለዱ።

ሰውን መስኮቱ አጠገብ በጎን ያስቀምጡና የፊቱን ግማሽ ለብርሃን፣ ግማሹን ለጥላ ይሰጡ ነበር። ይህ ለሞላሌ አልጣማትም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ በሁለት ዓይኑ፣ ኃጥእ በአንድ ዓይኑ ስለሚሣል፣ አንድ ዓይኑን ጨለማ የዋጠበት ደንበኛ ሁሉ ሲኦል የገባ መሰለው። እህል ነጋዴው አቶ ባዘዘው ጉርድ ፎቷቸውን ጠረጴዛ ላይ ወርውረው፣ ይሁዳ አደረግሽኝ አሉ። ወይዘሮ አመተሥላሴም ረጋ ብለው፣ "ጥላ የሌለው ፊት ሊጥ ነው፤ ሊጥ ደግሞ ጉርድ ፎቶ አያስፈልገውም" አሏቸው።

ቢሆንም ደግመው አነሷቸው፤ ያውም ሦስት ጊዜ። አንዱን ፋኖስ ከአገጫቸው ሥር አድርገው፣ አንዱን በቀትር ፀሐይ፣ አንዱን እንደ ልማዳቸው በመስኮቱ። ሦስቱንም ፎቶዎች አጥበው በር ላይ ሰቀሏቸው። ገበያተኛው ሦስት ወንድማማቾች ናቸው ብሎ፣ አንደኛው ሌባ፣ ሁለተኛው ጠኔ የያዘው፣ ሦስተኛው ዳኛ ለመሆኑ ተማምሎ ሄደ። ሰውዬው አንድ፣ ሸሚዙ እንኳ አንድ። ዓይን አለን ባዮቹ ይህን አላዩም፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ ዛሬ በዚህ ቀብር ከፊት ቆመዋል። አቶ ባዘዘው ዳኛ የመሰሉበትን ገዝተው ሱቃቸው ሰቀሉ፤ የይሁዳው ነገር ወዲያው ተረሳ።

ባለ ፍላሽ ካሜራ ሲመጣ ሞላሌ ወደዚያ ጎረፈ። ወይዘሮ አመተሥላሴ ግን ፍላሽን፣ ሰውን ግድግዳ ላይ መለጠፊያ ይሉት ነበር። ቀጥሎ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ መጣና ደንበኛው አለቀ፤ በ2009 ዓ.ም. ባለቤታቸው ሲያርፉ ቤቱን ዘጉት።

ባለፈው ዓመት ኩላሊታቸውን ታመሙ። አልጋቸውን መስኮት ሥር አስጠግተው፣ የካሜራውን ቁልፍ ጌታነሽ እንድትጫን አድርገው ፎቶ ተነሡ፤ ለቀብሬ የሚታተመው ይኸው ነው ብለውም ተናዘዙ። ታላቁ ልጃቸው አቶ ፍሬው ግን፣ እናቴን በአንድ ዓይን እድርተኛ ፊት አላቀርብም ብለው በስልካቸው ጥላውን አጠፉ፣ ሽብሽቡን ደመሰሱ፣ ቆዳውን አነጡ። ለእናታቸው ቢያሳዩ፣ ወይዘሮ አመተሥላሴ ስልኩን ራቅ አድርገው አዩና፣ "ፍሬው፣ እሷን ከቀበራችኋት እኔ የት ልሂድ?" አሉ። አቶ ፍሬው ግን ፎቶውን አልጣሉም።

ወይዘሮ አመተሥላሴ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ዐረፉ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሁለቱም ፎቶዎች ለኅትመት ቀረቡ። እድርተኛው የነጣውን አሞገሰ። አቶ ፍሬው ግን አንሥተው አዩትና፣ "ይህቺን ሴትዮ አላውቃትም" ብለው መለሱት።

ሦስት ልጆችና ሰባት የልጅ ልጆች ትተዋል። በዚህ ጽሑፍ ሽፋን ላይ ግራ ዓይናቸው አልታየንም የምትሉ አትቸኩሉ። የሰው ዓይን አስቀድሞ ወደ ብርሃኑ ይሮጣል፤ ለቆየበት ግን ጥላውም ይገለጥለታል። ዓይናቸው እዚያው አለች፤ እያየቻችሁ ነው።

መልካቸውን የሠራ አምላክ እንዳሉ ይቀበላቸው።